የአንገት ልክ

ገበያነሽ ትልቋን ልጇን ሊጠይቁ በመጡ ሽማግሌዎች ፊት ታነቀች። ያነቃት ትንሿ ልጇ ትዕግሥት በኪሮሽ የሠራችላት ባለ ሙሉ አንገት ሹራብ ነው። በሹራቡ ላይ የተዘለለ ወይም የተደገመ አንድ የክር ዐይን አልነበረም፤ ስሌቱም ልክ ነበር። ስሕተቱ ከስሌቱ በፊት ነው።

ጧት ላይ ግን ነገሩ ሁሉ ያለቀለት ይመስል ነበር። ዓመቱ 1976፣ ወሩ ግንቦት፣ ቀኑ እሑድ። ትዕግሥት ቅዳሜ ማታ ከምትማርበት ኮሌጅ ማደሪያ መጥታ አድራ፣ እናቷ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ በሹራቡ ጀርባ ላይ የመጨረሻዎቹን ቁልፎች ትተክላለች። ቤቱ ከአዋሳ ፒያሳ ወደ ሐይቁ በሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ያለ የቀበሌ ቤት ነው፤ አንድ ሳሎን፣ አንድ ጓዳ፣ ከኋላ በቆርቆሮ የተከለለች ማብሰያ። ጓዳው አንድ መስኮት ነበረው፤ አባቷ ኩማ ሌባ ፈርቶ በሳንቃ መትቶታል። ስለዚህ ጓዳ ውስጥ የሚሠራ ሰው ወደ ሳሎን የሚያወጣውን በር ከፍቶ ከዚያ በሚገባው ብርሃን መሥራት አለበት። ትዕግሥትም በሩን ወለል አድርጋ ከፍታ፣ መርፌውን ወደ ብርሃኑ እያዞረች፣ ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች ትሠራ ነበር። አንዳንዴ ቀና ስትል ሳሎኑ በሙሉ ይታያታል፤ ከጎረቤት የመጡት ወንበሮች፣ ሳሎኑ መሃል የተቀመጠው አዲስ የታጠበ የዳንቴል ጠረጴዛ ልብስ፣ ጥግ ላይ የተደረደረው የሚሪንዳ ሣጥን፣ እና መስታወቱ ፊት የቆመችው እኅቷ።

ወንጌላዊት በብርጭቆ ውሃ ትጠጣ ነበር። ይህን በየጧቱ ታደርገዋለች። አገጭዋን ቀና ታደርግና አንድ ጉንጭ ውሃ ይዛ ቀስ ብላ ትውጣለች፤ ስትውጥ ዐይኗ ከጉሮሮዋ አይነሣም። እንቅርት ገና ሲጀምር ዝም ብለው ቢያዩት አይታይም፤ ሰው ሲውጥ ግን አብሮ ወደ ላይ ይወጣና ተመልሶ ይወርዳል፤ የሚታወቀው ያኔ ነው። ይህን የነገራት ጤና ጣቢያ የሚሠራ ድሬሰር ነው። ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው፤ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ ታይፒስት ናት፤ አንገቷም እንደማንም ሰው አንገት ነው። እሷ ግን ለነገ ዋስትና ያላት አይመስላትም። ትዕግሥት ይህን ነገር ከልጅነቷ ጀምሮ ስታየው ኖራለች። ስሟን ያወጡላት ሰዎች ተሳስተዋል፤ እንዲህ ላለው ነገር ትዕግሥት የሚባል አልፈጠረባትም። «ዛሬም የለም?» አለቻት ክሯን እየበጠሰች። ወንጌላዊት ብርጭቆውን አስቀመጠች።

የገበያነሽ እንቅርት ግን ለማየት ውሃ የሚያስጠጣ አልነበረም። ከአገጭዋ ሥር ተነሥቶ ወደ ግራ ያዘነበለ፣ የተጨበጠ እጅ የሚያህል ነገር ነው። ከተወለደችበት የሲዳማ ደጋ ይዛው የመጣችው ሲሆን፣ እዚያ ከሴቱ ብዙው ስላለው ማንም ዘወር ብሎ አያየውም። አዋሳ ላይ ያዩታል። ሽማግሌዎቹ ለመጀመሪያ ጊዜ የመጡ ዕለት ገበያነሽ ከማብሰያው አልወጣችም፤ ታማለች ተባለ። ሽማግሌዎቹም ይማርልን ብለው፣ ነገር ግን በሚቀጥለው ጊዜ ወንጌላዊትን ሊያገባ የፈለገውን የታምሩን አክስት እትዬ ተዋበችን ይዘው እንደሚመጡ፣ እሷም ከልጅቷ እናት ጋር መተዋወቅ እንደምትፈልግ ተናግረው ሄዱ። ታማለች ሁለት ጊዜ አይባልም። ነጠላ ደግሞ ጎንበስ ሲሉ ይንሸራተታል። ሙሉ አንገት ሹራብ የሚለው ሐሳብ የወንጌላዊት ነው፤ ሠሪዋ ግን ትዕግሥት ናት። ለምን ብላ አልጠየቀችም። እንዴት የሚለውን ብቻ ነው ያሰበችው፤ ደስም ብሏታል፤ እንዲህ ያለ ልክ ሠርታ አታውቅማ።

መጀመሪያ በመዳፍ መጠን ናሙና ሠርታ በአሥር ሳንቲ ሜትር ውስጥ ስንት ዐይን እንደሚገባ ቆጠረች፤ ሃያ ሁለት ሆነ። ከዚያ እናቷን በርጩማ ላይ አስቀምጣ በሜትር ለካቻት። ከአገጭዋ ሥር ሠላሳ አራት፣ እንቅርቱ ከሁሉ በሚሰፋበት ቦታ አርባ ሁለት። በሂሳብ ከላይ በሰባ አምስት ዐይን ተጀምሮ ታች ሲደረስ ዘጠና ሦስት መሆን አለበት፤ በመካከሉ አሥራ ስምንት ዐይን ይጨመራል ማለት ነው። ሌሎች ሴቶች እንዲህ ያለውን እየሠሩ፣ እያስለኩ፣ እየፈቱ ይደርሱበታል። ትዕግሥት መፍታት ትጠላለች። አሥራ ስምንቱን በስድስት መስመር ላይ ሦስት ሦስት አድርጋ አካፈለችው። እስከዚህ ድረስ ሂሳብ ነው። የቀረው ሦስቱ የት የት ላይ ይግቡ የሚለው ነበር። ዐይን የሚጨመረው ሰውነት በሚሰፋበት ላይ ነው፤ ደረት ከሆነ ደረት ላይ፣ ዳሌ ከሆነ ዳሌ ላይ። እንቅርቱ ያለው ከፊት ነው። ከፊት ቢጨመር ግን ሹራቡ እዚያ ላይ እንደ ቆብ ይነፋና ከሥሩ ነገር እንዳለ ይናገራል። ወንጌላዊት ይህን ስትሰማ፣ ታዲያ ጥቅሙ ምኑ ላይ ነው አለች። ትዕግሥት ጭማሪውን በሁለቱ ጎኖችና ማጅራት ላይ ከቁልፎቹ አጠገብ አደረገችው። ከፊት ያለው ቀጥ ብሎ ወረደ። የሱፍ ክር ስለሚለጠጥና የተለጠጠ ነገር ቅርጽ ስለሚያሳይ፣ ፒያሳ ካለው ከሙክታር ሱቅ አንዱን ድቡልቡል በብር ከሰባ አምስት የዳንቴል ጥጥ ክር ገዝታ በድርብ ሠራችው። ጥጥ አይለጠጥም። ገበያነሽ ስትለካ አፏን ገጥማ፣ ትንፋሿን ይዛ፣ ግድግዳውን እያየች ነበር የተቀመጠችው። አንዴ ልትናገር ስትል ትዕግሥት፣ አትናገሪ፣ ሜትሩ ይነቃነቃል ብላ ዝም አሰኝታታለች።

ወደ አራት ሰዓት ገደማ ቁልፎቹ አለቁና ገበያነሽን ከማብሰያው ጠርተው አለበሷት። ሹራቡ ነጭ ነው፤ እጅጌው እስከ ክርኗ፣ ወገቡ ላይ ጠበብ ብሎ ታች ይሰፋል፤ አንገቱ እስከ አገጭዋ ድረስ ይደርሳል። ቁልፎቹ ከኋላ ስለሆኑ ራሷ ልትቆልፋቸው አትችልም፤ ትዕግሥት አንድ በአንድ ቆለፈቻቸው። ከላይ ያለው የመጨረሻው ቁልፍ አስቸገረ፤ ሳብ አድርጋ አስገባችው። ከዚያ ሁለቱ እኅትማማቾች ወደ ኋላ ራቅ ብለው አዩ። እንቅርቱ የለም። አንድ አንገቷ ወፈር ያለ፣ ቀጥ ያለች ሴትዮ ቆማለች። ወንጌላዊት አፏን በእጇ ያዘች። ከደስታ ብዛት ዐይኗ እንባ አቀረረ። እናቷን በሁለት ትከሻዋ ይዛ ወደ መስታወቱ አዞረቻትና፣ እይ፣ እማዬ፣ እይ አለቻት። ገበያነሽ መስታወቱን እንደ ሌላ ሰው ፎቶግራፍ አየችው። ትዕግሥት በሁለት ጣቷ የአንገቱን ጫፍ ከፊት ልትስበው ሞከረች፤ ጣቷ አልገባም።

«አይጠብቅሽም?» አለቻት።

«ልክ ነው» አለች ገበያነሽ።

ኩማ በዚህ መሃል የኖራ ብሩሽ ሊወስድ ገባ። ቀበሌው ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል ከመንገድ የሚታየው አጥር ሁሉ ከወዲሁ ኖራ ይቀባ ብሎ ስላዘዘ፣ እንግዶቹ ሳይመጡ ሊጨርስ ነው። ሚስቱን አያት፤ ከእግሯ ጀምሮ እስከ አገጭዋ አያትና እዚያ ላይ ዐይኑ ቆመ። በሠላሳ ዓመት ትዳር ውስጥ ስለዚያ አንገት አንድ ቃል ተናግሮ አያውቅም፤ ትዕግሥት ይህን ጨዋነት ነው ስትል ኖራለች። ዛሬም «ደኅና ነው» አለ፤ ያለው ግን ለግድግዳው ነው። ብሩሹን ይዞ ወጣ። ገበያነሽም ወጡን ልታይ ወጣች። እንግዶቹ እስኪመጡ ከሦስት ሰዓት በላይ ጊዜ ነበር። ትዕግሥት የአንገቱን የላይኛውን መስመሮች ቆርጣ አስፍታ እንደገና ብትሠራቸው ይደርስላት እንደነበር ያን ጊዜም ታውቀዋለች፤ ጣቷ ከአንገቱ ሥር አለመግባቱ ገና ይሰማት ነበር። ግን ወንጌላዊት እየዘፈነች ብርጭቆ ታጥባለች፤ ሹራቡም ያምራል። ትዕግሥት መቀሱንና የተረፈውን ክር ሰብስባ ቅርጫት ውስጥ ከተተች።

እንግዶቹ ስምንት ሰዓት ሲል መጡ። ከፊት የሚቀድሙት አቶ ኃይለጊዮርጊስ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቤት ለእንግዳ ካሉ በኋላ «ጓድ ኩማ» ብለው ጀመሩና ወዲያው ራሳቸውን አረሙ፤ «በሽምግልና ላይ ጓድ የለም። አቶ ኩማ፣ ደኅና ዋሉ?» ሁለተኛው ሽማግሌ ብዙ የማይናገሩ፣ እሺ ሲባሉ ብቻ ራሳቸውን የሚነቀንቁ ሰው ናቸው። እትዬ ተዋበች ግን ገና ከደጃፉ ቤቱን ሞላችው። ሰፊ፣ ቀይ፣ ሳቋ ከሩቅ የሚሰማ የወሎ ሴት ናት፤ ታምሩን እናቱ ሞታ ያሳደገችው እሷ ናት። ገበያነሽን ስታያት አቅፋ ሳመቻት፤ አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ፣ እንደገና በቀኝ። በየሳመቻት ቁጥር ጉንጯ የሹራቡን አንገት ይነካል። ወንጌላዊት ጓዳው በር ላይ ቆማ ታይ ነበር።

«ምነው ወይዘሮ ገበያነሽ» አለች እትዬ ተዋበች ተቀምጣ በመሐረብ እያራገበች፤ «እኛ በዚህ ሙቀት ልንቀልጥ ነው፤ እርስዎ ደብረ ብርሃን ያሉ ይመስላሉ።»

ሁሉም ሳቁ። ወንጌላዊት ብርድ መቷት ነው ብላ መለሰች። ገበያነሽ ፈገግ አለች እንጂ አልተናገረችም። አማርኛዋ ሲዳምኛ ሲዳምኛ ይላል፤ ስትቸኩል አንተና አንቱ ይቀላቀሉባታል፤ ስለዚህም ልጆቿ ዛሬ ብዙ እንዳትናገር ለምነዋታል። ጨዋታው ለወንዶቹ ቀረ። ስለ ጤፍ ዋጋ ተነሣ፤ ስለ ቀበሌው ስኳር ተነሣ፤ ዓሣ ድሮ በስሙኒ እንዴት ይገዛ እንደነበርና አሁን ሐይቁ አጠገብ እየኖሩ መጠየቅ እንኳ እንደሚያስፈራ አቶ ኃይለጊዮርጊስ አወሩ። የቤተ ክርስቲያን ነገር አስቸጋሪ ሊሆን ይችል ነበር፤ ኩማና ቤተሰቡ ጴንጤ ናቸው፣ የታምሩ ወገኖች ኦርቶዶክስ ናቸው። ነገር ግን የእነ ኩማ ጸሎት ቤት ከታሸገ ቆይቷልና፣ ሠርጉ በማዘጋጃ ቤት ይሁን ሲባል ሁለቱም ወገን እፎይ ብሎ ተቀበለ። የቀረው አንድ ነገር ነበር። አቶ ኃይለጊዮርጊስ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ልጅዎን ለልጃችን ብለው የጀመሩትን ነገር ከምግብ በኋላ እንጨርሰዋለን፤ በባዶ ሆድ እሺ ማሰኘት ግፍ ነው አሉ። ኩማ ሳቀ። በዚያ ቀን የሳቀው ያኔ ብቻ ነው።

ምግቡ ቀረበ። ገበያነሽ አስታጠበች፣ እንጀራ አነጠፈች፣ ወጥ አወጣች፣ ከዚያ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። እንግዶቹ ብሉ አሏት። ቀምሻለሁ አለች። ተቀመጡ አሏት። እሺ አለችና አልተቀመጠችም። ትዕግሥት ይህን ስታይ እናቷ እንግዳ አፍራ መሰላት። ያበሳጫትም እሱ ነው፤ ይህን ያህል ተደክሞ፣ እንደ ሰው ተቀምጣ አንድ እጅ እንኳ ብትበላ ምን ነበር አለች በልቧ። እትዬ ተዋበች ግን እንዲህ ዓይነቱን ነገር የምትተው ሰው አልነበረችም። የገበያነሽን እጅ ይዛ ጎትታ አጠገቧ አስቀመጠቻት። እንጀራውን ቆረሰች፣ ከዶሮው ሥጋ ገነጠለች፣ ከእንቁላሉ ግማሹን ጨምራ ጠቀለለችና እጇን ወደ ገበያነሽ አፍ ዘረጋች።

«እንቢ አይሉኝም» አለቻት፤ «በሞቴ።»

ገበያነሽ ወደ ትዕግሥት አየች። ትዕግሥት ዐይኗን ወደ ሳሕኑ መለሰች። በሞቴ ያለን ሰው እጅ በአየር ላይ ማስቀረት አይቻልምና ገበያነሽ አፏን ከፈተች። አኘከች፤ ለረዥም ጊዜ አኘከች፤ እትዬ ተዋበችም እያየቻት ነው። ዋጠች። ያን ጊዜ እንቅርቱ፣ ሲውጡ እንደሚያደርገው፣ ወደ ላይ ተነሣ። ከሥሩ የነበረው ስፋት ሥሩ ቀረ፤ እሱ ከአገጭ ሥር ወዳለው ወደ ሰባ አምስቱ ዐይን ወጣና እዚያ ቆመ። ወደ ታች ሊመለስ አልቻለም፤ ጉርሻውም ሊያልፍ አልቻለም። ገበያነሽ አልጮኸችም። ሁለት እጇን ወደ አንገቷ ሰደደችና ጣቶቿን ከጫፉ ሥር ለማስገባት ሞከረች፤ አልገቡም። ከዚያ እጆቿን ወደ ኋላ አዞረች፤ ቁልፎቹ ጋ አልደረሱላትም። ፊቷ ጠቆረ። ዐይኖቿ ፈጠጡ። አቶ ኃይለጊዮርጊስ ውሃ ውሃ አሉ፤ እትዬ ተዋበች በሰፊ መዳፏ ጀርባዋን መታቻት፤ ኩማ ግማሽ ተነሥቶ ግማሽ እንደተቀመጠ ቀረ።

ትዕግሥት ወንበሩን ገልብጣ ደረሰች። ምን እንደሆነ ወዲያው ገብቷታል፤ መስታወቱ ፊት ያለው ብርጭቆ፣ ያ ቀና ያለ አገጭ፣ በየጧቱ ስታየው የኖረችው ነገር ሁሉ። የላይኛውን ቁልፍ ያዘች። አንድ እጅ መጥቶ አንጓዋን ጨበጣት። የወንጌላዊት እጅ ነው።

«እዚህ አይሆንም» አለቻት ወንጌላዊት በሹክሹክታ። «ጓዳ አስገቢያት።»

ይህ የሆነው በአንድ አፍታ ነው። ትዕግሥት እጇን መንጭቃ ቁልፉን ልትበጥሰው ትችል ነበር። አላደረገችውም። እናቷን በብብቷ ይዛ አነሣቻት፤ ወንጌላዊት በሌላው በኩል ያዘች፤ መተንፈስ ያቃታትን ሴትዮ ሳሎኑን አቋርጠው፣ በእንግዶቹ መካከል አሳልፈው፣ ጓዳ አስገቧት። ወንጌላዊት በሩን ገርበብ አድርጋ ወዲያው ወደ ሳሎን ተመለሰች። ጓዳው ድንግዝግዝ ነው። ትዕግሥት ቁልፎቹን በጣቷ ዳበሰች። የላይኛው ከጧት ጀምሮ የጠበቀ ነው፤ ጣቷ ላብ ነው፤ አልወጣም። ቅርጫቱን ዘቅዝቃ መቀሱን ፈለገችና ከማጅራቷ ሥር አስገብታ ቆረጠችው። የመጀመሪያው መስመር ሲበጠስ ጠሽ የሚል ድምፅ ሰማች። ገበያነሽ ወደ ፊት ተደፍታ አሳላት፤ ጉርሻውም መዳፏ ላይ ወጣ። ከዚያ አየር ሳበች። እንደገና ሳበች።

 ገበያነሽ አልጋው ላይ ተቀምጣ መዳፏ ውስጥ ያለውን ነገር የምትጥልበት አጥታ ይዛው ቆየች። ትዕግሥት በጨርቅ ተቀበለቻት። ሹራቡን ከፊቷ አወለቀችላት፤ ከሥሩ የሚያውቁት ሰማያዊ ቀሚሷ አለ። አንገቷ ዙሪያውን ቀይ መስመር ሆኗል፤ በመስመሩ ላይ የእያንዳንዱ ዐይን ቅርጽ አንድ በአንድ ታትሞ ይታያል።

«እማዬ» አለች ትዕግሥት፤ «ጧት እኮ ጠይቄሽ ነበር። ለምን ልክ ነው አልሽኝ?»

ገበያነሽ አንገቷን እያሻሸች አየቻት። ቁጣ አልነበረባትም። ግራ የተጋባች ትመስላለች።

«እንዳልበላ ብለሽ የሠራሽው መስሎኝ ነው» አለች። «እንዳልበላ፣ እንዳልናገር። እሺ ብዬ ነበር። ሴትዮዋ ግን በሞቴ አለችኝ።»

 ለትዕግሥት ትክክለኛው መልስ፣ አይደለም፣ እንደዚያ ብዬ አይደለም የሚለው ነበር። ግን አትናገሪ፣ ሜትሩ ይነቃነቃል ያለችው እሷ ናት። ሹራቡን ጭኗ ላይ አድርጋ በጣቷ የተቆረጠውን ቦታ ትነካካ ጀመር። ገርበብ ባለው በር በኩል የሳሎኑ ድምፅ ይመጣል። ወንጌላዊት ስታወራ ይሰማል፤ ድምፅዋ ቢሮ ስልክ የምታነሣበት ድምፅ ነው። እናቴን ጥርሷን ያማታል፤ ስታኝክ ይይዛታል፤ አሁን ይሻላታል ትላለች።

«የኔ ልጅ፣ ጥርሷ አይደለም፤ እንቅርቷ ነው» አለች እትዬ ተዋበች።

 እትዬ ተዋበች ድምፅዋን ዝቅ ማድረግ የማታውቅ ሰው ናትና ከዚያ በኋላ ያለችው ሁሉ ጓዳ ድረስ ተሰማ። ወንዶቹ ባለፈው ጊዜ መጥተው የአቶ ኩማን ቤት ቢጠይቁ የሚያውቀው አላገኙም፤ የቤት ቁጥሩን ቢናገሩ ማንም አላወቀላቸውም፤ ኋላ አንዲት ሴት፣ የእንቅርቷ ሴትዮ ቤት አይደለም ወይ ስትል ነው መንደሩ ሁሉ እጁን የጠቆመላቸው። ቤቱን ያገኙት በእንቅርቱ ነው። ታምሩም ቢሆን ከመጀመሪያው ነግሯቸዋል። ይህንን ሁሉ የተናገረችው እየሳቀች ነበር፤ ቀጥሎ ግን ሳቋ ቆመ።

«ባለፈው ታማለች ተባልን። ዛሬ ብርድ ነው ተባልን፤ አሁን ደግሞ ጥርስ። እኔ እንቅርት አይቼ የምሸሽ ሴት አይደለሁም። ግን ኃይለጊዮርጊስ፣ እስቲ አንተ ፍረድ፤ እናቷን ጓዳ የከተተች ልጅ ነገ እኔን የት ልትከተኝ ነው?»

አቶ ኃይለጊዮርጊስ ቀስ በይ አሏት። ከዚያ ለኩማ፣ ዛሬ ቃል ከመቀበላችን በፊት ከእናትየዋም አፍ ብንሰማ ደስ ይለናል፤ ከቻሉ ይጥሩልን አሉ። ኩማ አልተጣራም። ሊጣራ አፉን የከፈተ ይሁን አይሁን ከጓዳ አይታይም፤ የሚሰማው ግን ወንበሩ ሲንቋቋ ብቻ ነበር።

ወንጌላዊት ገባች። ፊቷ እንባ በእንባ ሆኗል፤ ኩሏ ወርዶ ጉንጯ ላይ ጠቁሯል። በእጇ ነጠላ ይዛለች። እናቷ ፊት ተንበረከከችና ነጠላውን ዘርግታ አንገቷ ላይ ልትጠመጥምላት ሞከረች። «እባክሽ እማዬ» አለች። «ይህንን ጣል አድርጊና ውጪ። ብቻ ውጪ። ካልወጣሽ ይሄዳሉ።» ትዕግሥት እኅቷን ትታ እናቷን ታይ ነበር። ከዚያ አንገት ላይ ያለው ቀይ መስመር እስኪጠፋ ድረስ ማንም እንዳይወጣ፣ እንግዶቹ እንዲሄዱ፣ ሠርጉም እንዲቀር ተመኘች፤ ደግሞ ወዲያው ነጠላው ቢሸፍነው ብላ ተመኘች፤ ይህን መመኘቷን ራሷ ስትሰማው ከሁሉ ይልቅ አፈረች።

ገበያነሽ ነጠላውን ተቀበለች። በጫፉ ግንባሯን ጠረገች፤ እንቅርቷን ዙሪያውን ጠረገች፤ ቀዩ መስመር ላይ ስትደርስ ፊቷን ጨፈገግ አደረገች። ከዚያ ነጠላውን በወንጌላዊት ትከሻ ላይ ጣል አደረገችላት፤ በሌላው ጫፍ የጉንጯን ኩል ልታብስላት ብትሞክር የባሰ ተዝረከረከ።

«በልተው እጃቸውን ሳይታጠቡ ነው የተቀመጡት» አለች።

ማስታጠቢያውን ከጥግ አነሣች፤ ጆጉ ውስጥ ውሃ መኖሩን ወዝወዝ አድርጋ አረጋገጠች። ትዕግሥት አብራ ልትወጣ ተነሣች። ሹራቡ ከጭኗ ወድቆ እግሯ ሥር ተዘረጋ፤ አንገቱ የተቆረጠ፣ ከፊት ቀጥ ያለ፣ ነጭ። ገበያነሽ ሁለቱንም ልጆቿን ተራ በተራ አየቻቸው፤ አንዷ አልቅሳ የጠቆረች፣ አንዷ መቀስ ይዛ የቆመች።

«እናንተ እዚህ ቆዩ» አለቻቸው። «እንዲህ ሆናችሁ እንግዳ ፊት አትቀርቡም።»

ወጣች። እጆቿ ስለተያዙ በሩን በተረከዟ ገፍታ ዘጋችው።